ሳይቃጠል በቅጠል፦ የኡቡንቱ ኮምፒውተርን በወቅቱ አፕዴት ማድረግ



ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። በየቤታችንና በየትምህርት ቤቱ ካሉት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ደግሞ ዕድሜያቸው ስለገፋ ዊንዶውስ 11ን አይቀበሉም። እንዲህ ያለውን ኮምፒውተር ከመጣል ይልቅ ኡቡንቱን የመሰለ ነጻ ስርዓተ ክወና ጭኖ ለልጆች ጥናት ማዋል ይቻላል። መጫኑ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ኮምፒውተሩ ደኅና ሆኖ እንዲቆይ በየሳምንቱ የሚሠራ ትንሽ ሥራ አለ፤ እሱም አፕዴት ማድረግ ነው። በዚህ ትምህርት አፕዴት ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚያስፈልግና እዚህ ካምፓላ ውስጥ ዳታና መብራት ሳናባክን እንዴት እንደምንሠራው እናያለን።

ኡቡንቱ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የፊንላንድ ተማሪ ሊኑክስ የተባለውን የስርዓተ ክወና እምብርት ጽፎ ለሁሉም ክፍት አደረገ። በ1993 ኢያን መርዶክ ዴቢያን የተባለውን ስብስብ ጀመረ። በኦክቶበር 2004 ደግሞ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ያቋቋመው ቡድን በዴቢያን ላይ ተመሥርቶ የመጀመሪያውን ኡቡንቱ አወጣ። ስሙ በደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች ሰብአዊነት፣ ለሌላው ሰው መሆን ማለት ነው። ካምፓላ ያደጋችሁ ልጆች ከሉጋንዳ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችሁ «ኦቡንቱቡላሙ» ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም፤ መልካም ጠባይንና ሰው አክባሪነትን የሚገልጽ፣ ከዚያው ሥር የወጣ ቃል ነው።

ክፍት ምንጭ የሚባለው ፕሮግራሙ የተጻፈበት ኮድ ለሁሉም ስለሚታይ ነው። ማንም ሊያነበው፣ ሊያርመውና ለሌላው ሊሰጠው ይችላል። ለኢትዮጵያ ልጆችም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በተባለው ፕሮግራም በኢትዮጵያ ለተማሪዎች የታደሉት በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ላፕቶፖች የሚሠሩት በሊኑክስ ነበር።

ፓኬጅ እና መጋዘን

በኡቡንቱ እያንዳንዱ ፕሮግራም ተጠቅልሎ የሚመጣው «ፓኬጅ» በሚባል ጥቅል ነው። የድር ማሰሻው፣ የጽሑፍ ማዘጋጃው፣ የፊደል ቅርጹ፣ የሰዓቱ መረጃ፣ እምብርቱ ራሱ ሳይቀር ፓኬጅ ነው። ፓኬጆቹ የሚቀመጡት በኢንተርኔት ላይ ባለ መጋዘን ነው። አፕት የሚባለው መሣሪያ (በላቲን ፊደል ኤ፣ ፒ፣ ቲ ተብሎ ይጻፋል) በእኛና በመጋዘኑ መካከል ይመላለሳል።

ከናጉሩ ወርዶ ናካዋ ገበያ የሚሄድን ሰው አስቡ። ሽሮ ሊሠራ ያሰበ ሰው የሽሮ ዱቄት ብቻ ገዝቶ አይመለስም፤ ሽንኩርትና ዘይትም ያስፈልገዋል። ፓኬጆችም እንዲሁ አንዱ ያለ ሌላው አይሠሩም፤ ይህ «ጥገኝነት» ይባላል። አንድ ፓኬጅ ስትጠይቁ አፕት የሚያስፈልጉትን ሌሎች ፓኬጆች ቆጥሮ አብሮ ያመጣል።

ሁለተኛው ጥቅሙ ማኅተሙ ነው። የመጋዘኑ የዕቃ ዝርዝር በአዘጋጆቹ ዲጂታል ፊርማ የታተመ ነው፤ በዝርዝሩም ውስጥ የእያንዳንዱ ፓኬጅ መለያ ቁጥር ተጽፏል። አፕት ፓኬጁን ካወረደ በኋላ መለያውን ያመሳክራል። መንገድ ላይ አንዲት ፊደል ብትቀየር ቁጥሩ አይገጥምም፤ አፕትም አይጭነውም። ስለዚህ ከማይታወቅ ቦታ የወረደ ወይም በፍላሽ ከሰው የተቀበላችሁትን ፕሮግራም መጫን ማኅተሙ የተቀደደ መድኃኒት እንደመግዛት ነው።

ለአማርኛ ጸሐፊ ምን ይጠቅመዋል?

የፓኬጅ ነገር የኮምፒውተር ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ ሦስት ምሳሌዎችን ተመልከቱ።

የመጀመሪያው ፊደላችን ነው። ድሮ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ የፊደል አቆጣጠር ስለነበረው በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው አይነበብም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝን ፊደል ሲያካትት መግባቢያ ተገኘ። በ2021 የወጣው ዩኒኮድ 14.0 ደግሞ ለጉራጌኛ ጽሑፍ የሚያገለግሉ ተጨማሪ ፊደላትን አስገባ። እነዚህን ፊደላት የማያውቅ አሮጌ የፊደል ቅርጽ ያለው ኮምፒውተር በቦታቸው ባዶ ሳጥን ያሳያል። «አቢሲኒካ» የተባለው ነጻ የፊደል ቅርጽ በዴቢያንና በኡቡንቱ መጋዘን ውስጥ ስለሚገኝ አዲስ ቅጂው የሚደርሰን በፓኬጅ በኩል ነው።

ሁለተኛው የቁልፍ ሰሌዳው ነው። የላቲን ፊደላትን በድምፃቸው እየመታን አማርኛ የምንጽፍበት «ሴራ» የተባለው ዘዴም በዚያው መጋዘን ይገኛል።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ካምፓላና አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ይጋራሉ፤ ሁለቱም ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት ይቀድማሉ። የሉጋንዳ ተናጋሪዎችም እንደኛው ከንጋት ጀምረው ስለሚቆጥሩ የጠዋቱ አንድ ሰዓት ለሁላችንም አንድ ነው። ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን ግን እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021 ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደኋላ መለሰች። ኮምፒውተር እንዲህ ያለውን ለውጥ የሚያውቀው «ቲዚዳታ» ከሚባለው የሰዓት ፓኬጅ ነው። ይህ ፓኬጅ ያልታደሰለት የጁባ ኮምፒውተር የአንድ ሰዓት ስህተት ይዞ ይቀራል።

ሳይቃጠል በቅጠል

ፕሮግራም የሚጽፈው ሰው ነው፤ የሰው ሥራ ደግሞ ስህተት አያጣም። አንዳንዱ ስህተት ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ይሆናል። ቀዳዳው ሲታወቅ ባለሙያዎች ይደፍኑትና የታረመውን ፓኬጅ መጋዘን ውስጥ ያስገባሉ። ነገር ግን ማሻሻያው ሲወጣ ቀዳዳው የት እንደነበረ ሌባውም ያውቃል። ስለዚህ ማሻሻያው ከወጣ በኋላ ሳይታደስ የቆየ ኮምፒውተር ከበፊቱ ይበልጥ ለአደጋ የተጋለጠ ነው።

እ.ኤ.አ. በማርች 2017 ማይክሮሶፍት ለአንድ የዊንዶውስ ቀዳዳ ማሻሻያ አወጣ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ ሜይ 12፣ «ዋናክራይ» የተባለው አጥፊ ፕሮግራም ይህንኑ ቀዳዳ ተጠቅሞ በዓለም ዙሪያ ተዛመተ፤ ፋይሎችን እየቆለፈ የማስለቀቂያ ገንዘብ ጠየቀ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች በሺዎች የሚቆጠሩ የሕሙማን ቀጠሮዎች ተሰረዙ። መድኃኒቱ ከሁለት ወር በፊት በእጃቸው ነበር።

«ሊኑክስን ቫይረስ አይነካውም» የሚሉ አሉ፤ ይህ ሰውን የሚያዘናጋ አባባል ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 2014 «ሃርትብሊድ» የተባለው ቀዳዳ ይፋ ሲሆን፣ ጉዳቱ ያለው ኦፕን ኤስኤስኤል በተባለ የክፍት ምንጭ ፓኬጅ ውስጥ ነበር። ቀዳዳው የይለፍ ቃልን ጨምሮ በሰርቨሮች ማስታወሻ ውስጥ ያለ ምስጢር እንዲነበብ ያደርግ ነበር። ዴቢያንና ኡቡንቱ የታረመውን ፓኬጅ በዚያው ዕለት አወጡ። በዚያው ዕለት የዳነው ግን ያወረደው ብቻ ነው።

የትምህርት ቤት ኮምፒውተር የተማሪ ውጤትና የወላጅ ስልክ ቁጥር ይይዛል። የቤት ኮምፒውተር ደግሞ ኢሜይልና የባንክ ገጽ ይከፈትበታል። በአሮጌ ድር ማሰሻ ሲሠራበት አደጋው የኮምፒውተሩ ብቻ ሳይሆን የባለቤቶቹም ነው።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ

ይህን ስንል አዲስ የተባለ ነገር ሁሉ በወጣበት ቀን ይጫን ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ወደ አንድ ኮምፒውተር ሲገባ የግማሽ ሰከንድ መዘግየት አስተዋለ። ነገሩን ሲመረምር፣ «ኤክስዜድ» በተባለው የፋይል መጭመቂያ ፓኬጅ አዲስ ቅጂ ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የኋላ በር አገኘ። በሩን ያስገባው ለሁለት ዓመት ያህል በሥራው ሲያግዝ ቆይቶ አመኔታ ያተረፈ ተሳታፊ ነበር። ቅጂው የደረሰው በዴቢያን የሙከራ ክፍሎች ላይ ነበር፤ የተረጋጋውን የዴቢያን እትም አልነካም። ኡቡንቱም ሊወጣ የነበረውን የ24.04 የሙከራ ቅጂ በአንድ ሳምንት አዘግይቶ ፓኬጆቹን እንደገና ሠራ።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ዓይነት ለውጥ እንዳለ ነው። አንደኛው በያዝነው እትም ውስጥ የሚመጣ የደኅንነት ማሻሻያ ነው፤ እሱን ማዘግየት አይገባም። ሁለተኛው ከአንድ እትም ወደ ሌላ እትም መሸጋገር ነው፤ እሱ ጊዜ ተመርጦለት፣ ፋይሎች በሌላ ዲስክ ተገልብጠው የሚሠራ ነው።

የኡቡንቱ እትም ቁጥር የወጣበት ቀን ነው፤ 24.04 ማለት 2024 ዓመት፣ 4ኛ ወር ማለት ነው። አዲስ እትም በየ6 ወሩ ይወጣል። ተራው እትም የሚደገፈው ለ9 ወር ሲሆን በየ2 ዓመቱ በኤፕሪል የሚወጣው የረጅም ጊዜ እትም ግን ለ5 ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ ያገኛል። ለትምህርት ቤትና ለቤተሰብ የሚስማማው የረጅም ጊዜው ነው። ኡቡንቱ ራሱም ከአንድ የረጅም ጊዜ እትም ወደ ቀጣዩ እንድትሸጋገሩ የሚጋብዛችሁ የመጀመሪያው እርማት ከወጣ በኋላ ነው። ግብዣው በፈተና ሰሞን ቢመጣ «ቆይቶ» ብላችሁ እለፉት፤ ለዕረፍት ጊዜ አቆዩት።

የሳምንቱ ሥራ በቅደም ተከተል

ትእዛዞቹን እንደሚነበቡት በፊደላችን አስቀምጠናቸዋል፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጻፉት ግን በትንንሽ የላቲን ፊደላት ነው። በትእዛዝ መሥራት የማይፈልግ ሰው «ሶፍትዌር አፕዴተር» የተባለውን መስኮት ከፍቶ አብዛኛውን ሥራ በአይጥ መሥራት ይችላል።

1. ላፕቶፑን ከቻርጀር ጋር አያይዙ። የተከፈተ ሥራ ካለ አስቀምጡና ዝጉ።

2. «ሱዶ አፕት አፕዴት» ብላችሁ ጻፉ። ሱዶ የአስተዳዳሪ ፈቃድ መጠየቂያ ስለሆነ የይለፍ ቃል ይጠይቃችኋል፤ ስትጽፉት ምንም ምልክት ላይታይ ይችላል፤ ጽፋችሁ አስገባን ተጫኑ። ብዙ ጀማሪዎች እዚህ ሲደርሱ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። ይህ ትእዛዝ ግን የመጋዘኑን የዕቃ ዝርዝር ብቻ ነው የሚያድሰው፤ ገበያ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቅን እንጂ ገና አልገዛንም።

3. «አፕት ሊስት --አፕግሬደብል» ብላችሁ የሚታደሱትን ተመልከቱ። ስማቸውን ማንበብ ልመዱ።

4. «ሱዶ አፕት አፕግሬድ» በሉ። ከመጀመሩ በፊት ስንት ሜጋባይት እንደሚያወርድና በዲስኩ ላይ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ነግሮ ፈቃድ ይጠይቃል። ቁጥሩን ሳታዩ አትስማሙ። ዳታችሁ ካልበቃ እምቢ ማለት ትችላላችሁ። አንዳንድ ፓኬጆች «ተይዘው ቆይተዋል» ቢል አትደንግጡ፤ ኡቡንቱ አንዳንድ ማሻሻያዎችን ለሁሉም በአንድ ቀን ሳይሆን በየተራ ስለሚያድል ተራችሁ ሲደርስ ይመጣል።

5. በመሀል ስለ አንድ የማዋቀሪያ ፋይል ቢጠይቃችሁና ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ፣ አሁን ያለው እንዲቆይ የሚለውን ምረጡና ለኃላፊው ንገሩ።

6. ሲያበቃ «ሱዶ አፕት አውቶሪሙቭ» በሉ፤ ከእንግዲህ የማያስፈልጉ አሮጌ ፓኬጆችን ያስወግዳል። የሚያስወግደውን ዝርዝር አንብባችሁ ፍቀዱ። የወረዱትን ጥቅሎች አጽድቶ ቦታ ለማስለቀቅ ደግሞ «ሱዶ አፕት ክሊን» በሉ።

7. ዳግም ማስጀመር ያስፈልጋል ካለ ዳግም አስጀምሩት። እምብርቱ የታደሰ እንደሆነ ኮምፒውተሩ ዳግም እስኪጀምር ድረስ የሚሠራው በአሮጌው ነው።

8. ቀኑን፣ የኮምፒውተሩን ቁጥርና የገጠመ ችግር ካለ በደብተር ጻፉ።

ኡቡንቱ የደኅንነት ማሻሻያዎችን ራሱ የሚያወርድበት አሠራር ስላለው ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው ይኖራል። ራስ ሰር አሠራሩ ጥሩ ነው፤ አታጥፉት። ነገር ግን ሌሊት ተዘግቶ የሚያድር፣ ለዕረፍት ሁለት ወር የሚቆለፍና ኢንተርኔት አልፎ አልፎ ብቻ የሚያገኝ ኮምፒውተር የሚያወርድበት ጊዜ ላያገኝ ይችላል። ማወቅ የሚቻለው ሰው ሲያየው ነው።

ዳታና መብራት

በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2021 ጀምሮ በኢንተርኔት ዳታ ላይ 12 በመቶ ኤክሳይዝ ታክስ ይከፈላል። ስለዚህ ሜጋባይት መቁጠር ስስት አይባልም። በስልክ ሆትስፖት ስትጠቀሙ በኡቡንቱ የዋይፋይ ቅንብር ውስጥ ግንኙነቱ በመጠን የሚከፈልበት መሆኑን ምልክት አድርጉ፤ ከጀርባ የሚወርደው ይቀንሳል። ፋየርፎክስን የመሳሰሉ «ስናፕ» የሚባሉ ጥቅሎች ከአፕት ውጪ በራሳቸው ጊዜ እንደሚታደሱም አትርሱ።

ብዙ ኮምፒውተር ባለበት ክፍል የተሻለ ዘዴ አለ። 10 ኮምፒውተሮች እያንዳንዳቸው 400 ሜጋባይት ቢያወርዱ 4,000 ሜጋባይት ይሆናል። ከመካከላቸው በአንዱ ላይ «አፕት ካሸር ኤንጂ» የተባለው ፓኬጅ ተጭኖ ሌሎቹ በእሱ በኩል እንዲጠይቁ ቢደረግ፣ አንድ ጊዜ የወረደ ፓኬጅ እዚያው ይቀመጥና ለሌሎቹ በክፍሉ መረብ ይታደላል። ሁሉም አንድ ዓይነት እትም ከያዙ ከውጭ የሚወርደው ወደ 400 ሜጋባይት ይጠጋል።

መብራት በመሀል ቢጠፋስ? በማውረድ ላይ ሳለ ከጠፋ ችግር የለም፤ በኋላ ካቆመበት ይቀጥላል። በመጫን ላይ ሳለ ከጠፋ ግን ፓኬጆች ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» በሉ፤ ያልተጠናቀቀውን ይፈጽማል። ቀጥሎ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል -ኤፍ» የጎደለውን ጥገኝነት ያሟላል። ስርዓተ ክወናውን እንደ አዲስ ለመጫን ከመጣደፍ በፊት እነዚህን ሁለቱን ሞክሩ። ባትሪ የሌለውን ኮምፒውተር መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት ባታድሱት ይመረጣል።

ኃላፊው ማን ነው?

ነጻ ሶፍትዌር የፈቃድ ክፍያ የለበትም፤ ጊዜና ኃላፊነት ግን ይጠይቃል። «ሁሉም ያየዋል» የተባለ ኮምፒውተር ማንም ሳያየው ይከርማል። ስለዚህ በቤት ውስጥ አንድ ልጅ፣ በክፍል ውስጥ ሁለት ተማሪዎችና አንድ መምህር በስማቸው ኃላፊ ይሁኑ፤ ቀኑም የታወቀ ይሁን። ወላጆች፣ ልጃችሁ ቅዳሜ ጠዋት «አፕዴት ላድርግ» ብሎ ዳታ ሲጠይቃችሁ ከቪዲዮ ጋር አትቁጠሩበት። መምህራን፣ የይለፍ ቃሉን ለሁሉም አታድሉ፤ ሥራውን ለሚሠራው ግን አትንፈጉት። ኃላፊው ተማሪ ትምህርቱን ጨርሶ ሲሄድ ደብተሩን ለሚተካው ያስረክብ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. «አፕት አፕዴት» እና «አፕት አፕግሬድ» ልዩነታቸው ምንድን ነው? በገበያ ምሳሌ አስረዱ።

2. አንድ ማሻሻያ ከወጣ በኋላ ያልታደሰ ኮምፒውተር አደጋው ለምን ይጨምራል?

3. የኤክስዜድ ታሪክ የረጅም ጊዜ እትምን ስለመምረጥ ምን ያስተምረናል?

4. በቤታችሁ ያለ አንድ ኮምፒውተር የትኛውን እትም እንደያዘ፣ የድጋፍ ጊዜው መቼ እንደሚያበቃና መጨረሻ የታደሰው መቼ እንደሆነ አጣሩ። ያገኛችሁትን በሚቀጥለው ሳምንት ለክፍላችሁ ንገሩ።